ያቋረጡትን ፍለጋ፦ ስለ ጎጃም ታዳጊ ሯጮች የተሠራ አንድ የማስተርስ ጥናት አቅጣጫውን እንዴት እንደቀየረ

የጉዳዩ ዳራ

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከሚገኙት የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ፣ በወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥር የሚተዳደር የታዳጊ ወጣቶች የአትሌቲክስ ስልጠና ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ በየዓመቱ በትምህርት ቤቶች ውድድር የታዩ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን መልምሎ በመስከረም ወር ሥራ ይጀምራል። ግንቦት ላይ ግን በሜዳው የሚገኙት በመስከረም ከተመዘገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የጎደሉትን ለመተካት በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ምልመላ ይካሄዳል፤ አሰልጣኙም በየዓመቱ ከመሠረታዊ የሩጫ ትምህርት ይጀምራሉ።

በአካባቢው የጎደለው ተሰጥኦ አይደለም። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በግርጌው ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት ዳገትና ቁልቁለት እየተጓዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው ውዴ አያሌው፣ እንዲሁም በ3,000 ሜትር መሰናክል በዓለም አቀፍ መድረክ የተሰለፈችው እህቷ ሕይወት አያሌው የጎጃም ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ሯጭ ከየት ይገኛል የሚል ሳይሆን፣ የተገኘው ለምን ይሄዳል የሚል ነበር።

ይህንን ጥያቄ ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የምታስተምርና በክረምት መርሐ ግብር የስፖርት ማኔጅመንት የምትማር መምህርት ነች። እኔ የጥናቷ ሁለተኛ አማካሪ ነበርኩ። ጉዳዩ የተከናወነው በአካባቢው ከቀበሌ ቀበሌ ያለ ሥጋት መዘዋወር በሚቻልበት ጊዜ ሲሆን፣ ይህንን መጥቀስ የሚያስፈልገው የመረጃ አሰባሰቡ በእግር በመሄድ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ነው። የሰዎቹንም ሆነ የወረዳውን ስም አልጠቅስም።

የመጀመሪያው ንድፍ

ያቀረበችው የጥናት ንድፍ በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን የተለመደው ዓይነት ነው። በፕሮጀክቱ የታቀፉትን ሰልጣኞች በሙሉ እንደ ጥናት ሕዝብ ወስዳ የናሙና መጠን ለመወሰን በሚያገለግለው በታሮ ያማኔ ቀመር ናሙናውን ታሰላለች። ቀመሩ የጠቅላላውን ቁጥር፣ አንድ ሲደመር ቁጥሩ በስሕተት መጠኑ ካሬ ተባዝቶ ለሚገኘው ድምር ያካፍላል፤ ለምሳሌ ሰልጣኞቹ 120 ቢሆኑና የስሕተቱ መጠን 0.05 ቢሆን የሚፈለገው ናሙና 92 ገደማ ይሆናል። ከዚያም መላሹ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያመለክትበት ባለ አምስት ደረጃ የሊከርት መጠይቅ ይሰጣል፤ የመጠይቁ ወጥነት ክሮንባህ አልፋ በሚባል መለኪያ ይፈተሻል፤ ውጤቱም በአማካይና መልሶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ በሚያሳየው መደበኛ ልይይት ይቀርባል።

መጠይቁ በውጭ አገር ለክለብ አትሌቶች ከተዘጋጀ መለኪያ የተወሰደና ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነበር። «የስልጠና አመራሩ የአትሌቱን ፍላጎት ያገናዘበ ነው» የሚሉ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩበት። ስለ ትጥቅ፣ ስለ አሰልጣኝ ብቃት፣ ስለ ማዘውተሪያ ስፍራና ስለ ማበረታቻ ይጠይቃል። ስለ ጾም፣ ስለ እርሻ ሥራና ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር አንድም ጥያቄ አልነበረውም።

ንድፉ በትምህርት ክፍሉ ቀርቦ ጸደቀ። ያጸደቁት መምህራን የተለመደውን መስፈርት ተከትለው ነበርና እንደ ቸልተኝነት ሊቆጠርባቸው አይገባም። ለማጽደቂያ የሚያገለግለው ቅጽ ናሙናው በምን ቀመር እንደተሰላ ይጠይቃል እንጂ፣ ከመጀመሪያው ትክክለኛዎቹ ሰዎች ተመርጠው እንደሆነ አይጠይቅም።

ችግሩ እንዴት ታየ

የሙከራ መጠይቁ ለጥቂት ሰልጣኞች በሜዳው ዳር ተሰጠ። ልጆቹ ከልምምድ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠው በጉልበታቸው ላይ ሲሞሉ አሰልጣኙ በቅን ልቦና በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ያልገባቸውን ያስረዱ ነበር። የአልፋው ውጤት በተለምዶ ተቀባይነት ካለው 0.70 በላይ ሆነ፤ በወረቀት ላይ መጠይቁ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ሌላ ነገር ታየ። አብዛኞቹ ልጆች ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ብቻ ምልክት አድርገዋል። «አሰልጣኜ ችግሬን ያዳምጠኛል» በሚለው የተስማማው ልጅ፣ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ «አሰልጣኜ ለችግሬ ትኩረት አይሰጥም» በሚለውም ተስማምቷል። አልፋ የሚለካው መልሶች እርስ በርስ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው፤ አንዱ ልጅ ሁሉንም «እስማማለሁ»፣ ሌላው ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ከሞላ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ መልሱ እውነት ለመሆኑ ግን ምንም አይነግረንም። እዚህ ላይ ብዙ የምረቃ ጽሑፎች ሲሰናከሉ ስላየሁ ነጥቡን ማጥበቅ እወዳለሁ፦ የወጥነት ቁጥር ከመሰላቱ በፊት ወረቀቱ በዓይን መታየት አለበት።

ከዚህ የከበደው ችግር ግን መጠይቁን የሞሉት ልጆች ማንነት ነበር። ጥናቱ የሚጠይቀው ልጆች ለምን እንደሚያቋርጡ ነው፤ መጠይቁን የሞሉት በሙሉ ግን ያላቋረጡ ናቸው። እነርሱ ሊናገሩ የሚችሉት ስለ ጓደኞቻቸው የሚገምቱትን፣ ያም አሰልጣኙ ሲናገሩ የሰሙትን ነበር። ናሙናውን በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ አንድም ያቋረጠ ልጅ አይገባበትም።

የስም መጥሪያው መዝገብ

አጥኚዋ የመጀመሪያውን ንድፍ ከመጣሏ በፊት በፕሮጀክቱ ያለውን ሰነድ ሁሉ እንድታይ ተስማማን። ለጽሕፈት ቤቱ የሚላኩት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች የጠቀሙን ነገር የለም፤ የሰልጣኞቹን ድምር ብቻ ስለሚይዙ፣ አንዱ ሄዶ ሌላው ሲተካ ቁጥሩ አይለወጥም። ቁም ነገሩ የተገኘው አሰልጣኙ በራሳቸው እጅ ከያዙት የስም መጥሪያ ነው። በላስቲክ የተሸፈነ ባለ መስመር ደብተር ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ ወደ ቀኝ ቀኖቹ፣ የመጣው ምልክት ይደረግለታል፣ የቀረው «ቀ» ይጻፍበታል። ያቋረጠው ልጅ ስም በእስክሪብቶ ይሰረዝና ከኅዳጉ ላይ «ትቷል» ወይም «ትታለች» ይባላል፤ ለምን እንደተወ ግን አይጻፍም።

አጥኚዋ ያለፉትን ዓመታት ደብተሮች በየቀኑና በየሳምንቱ ቀን ለይታ ወደ ሠንጠረዥ አዛወረችው። አድካሚ ሥራ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ በዝናብ ረጥቦ ቀለሙ ተጣብቋል። ከሠንጠረዡ ሁለት ነገሮች ጎልተው ታዩ። አንደኛው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለትም በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፣ ቀሪው በአንድ ጊዜ ይበዛል፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ሁለተኛው ያልተጠበቀ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ «ቀ» የሚከማቸው በቅዳሜ ዓምድ ሥር ሲሆን፣ በኋላ የተሰረዙት ስሞችም ከመሰረዛቸው በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀሩት ነበሩ። ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱ ረጅም ሩጫ የሚሠራበት፣ አሰልጣኙም ከሁሉ አብልጠው የሚያዩት ቀን ነው። ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ የቀረ ሰልጣኝ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ከደገመ ይሰናበታል።

ያቋረጡትን መፈለግ

መጀመሪያ የተሞከረው ስልክ ነው፤ አልሠራም። በምዝገባ ቅጹ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች የአባት፣ የጎረቤት ወይም የአጎት ናቸው። የደወለላቸው ሰው ከመንግሥት ቢሮ መስሏቸው «ደኅና ናት፣ ትምህርቷን ትማራለች» ብለው ይዘጋሉ። ቀጥሎ አሰልጣኙና የትምህርት ቤቱ መምህራን ባሉበት የቡድን ውይይት ተሞከረ፤ ያቋረጡት ልጆች መጡ፣ ነገር ግን አንገታቸውን ደፍተው «ሰነፍን» ከማለት ሌላ አልተናገሩም።

የሠራው በጓደኛ በኩል መሄድ ነበር። በስልጠናው የቀጠለው ልጅ ያቋረጠችውን የመንደሩን ልጅ ያውቃል፤ እርሷ ሌላዋን ታውቃለች። አጥኚዋ በዚህ መንገድ ከቤት ቤት ሄደች፤ ለአካለ መጠን ላልደረሱት ሁሉ የወላጅ ፈቃድ በቃልና በጣት አሻራ ተወሰደ። ሴት መሆኗ ብዙ በር ከፍቶላታል፤ ከእናቶች ጋር ቡና ላይ ተቀምጣ ለመነጋገር ወንድ አጥኚ የማያገኘውን ጊዜ አግኝታለች።

የጥያቄው አቀራረብም መለወጥ ነበረበት። «ለምን አቋረጥሽ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ የተከሰሰ ይመስለዋል፤ መልሱም ወይ ይቅርታ ወይ ማመካኛ ይሆናል። ስለዚህ «ስልጠና የሄድሽበትን የመጨረሻ ሳምንት ከሰኞ ጀምረሽ ንገሪኝ» በሚል ተተካ። ይህ አንድ ለውጥ ከሌላው ሁሉ በላይ መረጃ አስገኘ። ልጆቹ ስለ ስልጠና ያላቸውን አስተያየት መግለጽ ይከብዳቸዋል፤ ሳምንታቸውን መተረክ ግን አይከብዳቸውም፤ ያቋረጡበት ምክንያት በትረካው ውስጥ ራሱ ይወጣል።

ዕድሜ ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በስፖርት ጽሕፈት ቤት ቅጽና በልጁ አፍ ያለው ዕድሜ የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዛወር የተፈጠረ ስሕተት ነው። ከ20 ዓመት በታች በሚባለው የዓለም ውድድር የሚታየው በዓመቱ ታኅሣሥ 31 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር የሚኖረው ዕድሜ በመሆኑ፣ የአንድ ዓመት ስሕተት ለልጁ ትልቅ ነገር ነው። አጥኚዋ እናቶችን ክርስትናው በየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበረ እየጠየቀች፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ለብዙዎቹ ልጆች የተሻለ ግምት አግኝታለች።

ቅዳሜና ስንቅ

ከተሰበሰቡት ትረካዎች የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ቤተሰቦቿ ያሉበት ቀበሌ ከወረዳው ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ፣ እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ሁሉ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በከተማው አንዲት ክፍል ተከራየች። የሳምንቱን እንጀራ፣ ሽሮና ቆሎ የምታመጣው ከቤት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች፣ እናቷ ትጋግርላታለች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሸክማ ትመለሳለች። ሳምንቷን ስትናገር እንዲህ አለች፦ «ሰኞና ማክሰኞ እሮጣለሁ። ረቡዕ ጾም ነው። ሐሙስ እንጀራው ይሻግታል፣ ድርቆሽ እንበላለን። ዓርብ ጾም ነው። ቅዳሜ መንገድ ነው።»

ቅዳሜ ረጅሙን ሩጫ ብትሮጥ ስንቅ አይመጣም፤ ስንቅ ካልመጣ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርትም ስልጠናም የለም። ቅዳሜ ቀረች፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ደግማ ቀረች፣ ስሟ ተሰረዘ። እናትየው በበኩላቸው «ሩጫውን ማን ጠላ ልጄ፤ እኔ ሌላ ቀን ምጣድ የምጥድበት ጊዜ የለኝም እንጂ» አሉ። ገበያውም ቅዳሜ ነው፤ ልጅቷ በሄደችበት ለቤቱ ጨውና ጋዝ ይዛ ትመለሳለች።

ትረካው በዝርዝር ቢለያይም በከተማ ተከራይተው ከሚማሩት የገጠር ልጆች በአብዛኞቹ ዘንድ ተደግሟል። በጽሕፈት ቤቱ «የበጀት ችግር»፣ በሜዳው «የዲሲፕሊን ችግር» ሲባል የቆየው ነገር ትልቁ ክፍል የሳምንት መርሐ ግብር ችግር ሆኖ ተገኘ። ይህ የስፖርት ማኔጅመንት ጉዳይ በትክክለኛ ትርጉሙ ነው፦ የስልጠናው ይዘት ጥሩ፣ አሰልጣኙ ትጉህ፣ ልጆቹ ፈቃደኛ ሆነው ሳለ ቀን በመምረጥ ብቻ ልጆች ይወጣሉ።

የተደረገው ለውጥ፣ የሠራውና ያልሠራው

አጥኚዋ ግኝቱን ለአሰልጣኙ ያቀረበችው በአስተያየት መልክ ሳይሆን የራሳቸውን መዝገብ ሠንጠረዥ ይዛ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ሠንጠረዡን ካዩ በኋላ ግን እርሳስ ተቀብለው ከእያንዳንዱ የተሰረዘ ስም ጎን ልጁ የከተማ ይሁን የገጠር፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ከትውስታቸው ጻፉ። ይህ መረጃ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልነበረም፤ የጥናቱ ዋና ማነጻጸሪያ የሆነውም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኙ ረጅሙን ሩጫ ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ አዛወሩ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ሐሙስ የተሻለ መስሏቸው ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንደሄደ የገጠሮቹ ልጆች በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ይዝሉ ጀመር፤ ሐሙስ ስንቁ የሚያልቅበት ቀን ነውና። ወደ ማክሰኞ ሲዛወር ነገሩ ተስተካከለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ጫናው ቀንሶ ከባዱ ልምምድ ወደ ማታ ተገፋ። ለቅዳሜ የተሰጠው፣ ወደ ቤት የሚሄዱት የሚጓዙትን መንገድ እንደ ቀላል ልምምድ እንዲቆጥሩት፣ በከተማ የሚቀሩት ደግሞ የቅልጥፍና ሥራ እንዲሠሩ ነው።

በዚያ ዓመት እስከ ግንቦት የቆዩት የገጠር ልጆች ከቀደሙት ዓመታት በርከት አሉ። ይሁን እንጂ የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም፤ የዚያ ዓመት አዝመራም ጥሩ ነበር። ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የቀኑ ለውጥ ለመቆየታቸው ብቸኛ ምክንያት ተደርጎ አልቀረበም፤ ትክክለኛውም ይህ ነው።

ያልተፈቱት ጉዳዮች ቀላል አልነበሩም። ልምምዱ ከትምህርት ፈረቃ በኋላ ስለሚጀምርና ሲጨልም ስለሚያበቃ ሴቶች ልጆች የሚፈሩትን መንገድ ለብቻቸው ይሄዳሉ፤ ይህንን ለማስተካከል የፈረቃው ምደባ መለወጥ አለበት፣ ፈረቃው ደግሞ በትምህርት ጽሕፈት ቤት እጅ ነው። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ቢሆኑም በዚያ ዓመት በጉዳዩ አንድም ጊዜ አልተቀመጡም። ለተከራይ ልጆች የምሳ ድጋፍ ይደረግ የሚለው ሐሳብም ገንዘብ ስለሚጠይቅ ባለበት ቀረ። በመጀመሪያው ረቂቅ «የሚመለከታቸው አካላት ተባብረው ቢሠሩ» ይል የነበረው የማጠቃለያ ክፍል ተሰርዞ፣ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን እንደሚወስን በአንድ ገጽ ተጽፎ ለወረዳው ሲሰጥ ግን ቢያንስ ለመነጋገሪያ ቀርቧል።

በመመረቂያ ጽሑፉ ግምገማ ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ ናሙናው በቀመር ለምን እንዳልተሰላ አጥብቀው ጠየቁ። አጥኚዋ ቀመሩ የሚሠራው የጥናቱ ሕዝብ ተቆጥሮ በእጅ ሲገኝና ከውስጡ በዕጣ መምረጥ ሲቻል መሆኑን፣ የእርሷ ሕዝብ ግን አድራሻው ያልተያዘና በፍለጋ የሚገኝ መሆኑን አስረዳች፤ አዲስ ትረካ አዲስ ምክንያት ማምጣት ሲያቆም ፍለጋውን ማቆሟንም ገለጸች። መልሱ ተቀባይነት አገኘ።

ለሌሎች ጥናቶች የሚተርፈው

ስለ ማቋረጥ፣ ስለ ጉዳት ወይም ስለ ክለብ መልቀቅ የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ሥራው የጥናቱ ሕዝብ ማን እንደሆነ መወሰን ነው። በሜዳው ያለው ሁሉ ለመቆየት የቻለ ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው መልስ ስለ መቆየት እንጂ ስለ መሄድ አይደለም። የናሙና ቀመር ከዚህ ውሳኔ በኋላ የሚመጣ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ከውጭ የተወሰደ መጠይቅ ትርጉሙ ቢስተካከል እንኳ በአካባቢው የሌሉ ነገሮችን ሊጠይቅ፣ ያሉትን ሊዘል ይችላል። በእኛ ጉዳይ ዋናዎቹ ስንቅ፣ ጾም፣ ፈረቃና የእናት የመጋገሪያ ቀን ነበሩ። ከጥቂት ልጆች ጋር ክፍት ቃለ መጠይቅ አድርጎ ከዚያ መጠይቁን ማዘጋጀት ጊዜ ቢወስድም ይሻላል። መጠይቁም ሆነ ቃለ መጠይቁ አሰልጣኝ በሌለበት ይሁን፤ አሰልጣኙ መልካም ሰው መሆናቸው ችግሩን አያስቀረውም።

ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ወረዳ የ3,000 ሜትር መሰናክል የምትሮጥ ልጅ አንዲት ልትሆን ትችላለች፤ ርቀቷን፣ ክፍሏንና ቀበሌዋን አንድ ላይ መጻፍ ስሟን እንደመጻፍ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ርቀቱ «መካከለኛና ረጅም» ተብሎ ብቻ ቀርቧል።

የአሰልጣኞች ደብተር ደግሞ ከሚገመተው በላይ የምርምር ሀብት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ይጣላል ወይም አሰልጣኙ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። በዚህ ፕሮጀክት አዲሱ ደብተር ከስም ቀጥሎ አራት ተጨማሪ ዓምዶች ተጨምረውበታል፦ የቤተሰብ ቀበሌ፣ በከተማ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የትምህርት ፈረቃ፣ ልጁ ካቋረጠ ደግሞ ቀኑና ራሱ የተናገረው ምክንያት። ያለፉት ዓመታት ደብተሮችም ፎቶ ተነሥተው ቅጂያቸው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።